ና ጋቢህን ውሰድ

ፀጉር አስተካካይ ነኝ። የሰው ጉሮሮ ላይ ምላጭ አሳርፌ «ይሄ ሙዚቃ እንዴት ነው?» ብዬ ስንቱን ጠይቄያለሁ፤ «አይረባም» ያለኝ አንድ ሰው የለም። ማን ይላል? ምላጩን ባነሣም ለውጥ አልነበረውም። ደብረ ታቦር ውስጥ እናትህን የሚያውቅ፣ ዕድር ላይ ከጎንህ የሚቀመጥ፣ ነገ ሠርግህን የሚበላ ሰው ፊትህን እያየ ሥራህን አይነቅፍም። ይሉኝታ አለበት። «በርታ» ይልሃል። ይህን «በርታ» የሚሉትን ቃል እስከ ዛሬ አልወደውም። በርታ የሚባለው የታመመ ሰው ነው።

ሙዚቃዬ በላፕቶፕ የሚሠራ ነው። ዘፋኝ የለበትም፤ ከበሮውም ክራሩም የሚወጣው ከዚያው ሁለት ቁልፍ ከወለቀለት አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ባትሪው ስለሞተ መብራት በሄደ ቁጥር ያላስቀመጥኩት ሥራ አብሮ ይሄዳል። ምሳ ሰዓት ላይ ሱቄን ዘግቼ እሠራ ነበር። ቆርቆሮ ላይ የሚወርደውን ዝናብ፣ የቶንዶሱን ጩኸት፣ የመቀሱን ካቻ ካቻ በስልኬ እቀዳና እንደ ከበሮ እደረድራቸዋለሁ። ከዚያ ወንበር ጀርባ መቆም ሰልችቶኝ ነበር። አንድ የማያውቀኝ ሰው አንድ ቀን «ይሄ ልጅ ሙዚቀኛ ነው» ቢል ቶንዶሱን ጥዬ እሄዳለሁ እል ነበር። የት እንደምሄድ አላውቅም፤ መሄዱን ብቻ ነበር የማውቀው።

እንዲህ እያልኩ እንደኔ ቢት የሚሠሩ ልጆች ያሉበት የስልክ ግሩፕ ውስጥ ገባሁ። እዚያ ማንም ማንንም አያውቅም፤ አንዱ ሥራውን ይልካል፣ ሌላው ይቦጫጭቀዋል። የመጀመሪያ ሥራዬን የላክሁ ቀን ዓይኔ ስልኬ ላይ ሆኖ የአንዱን ደንበኛ ጆሮ ቧጨርኩት። አብዛኞቹ የእሳት ሥዕል ለጥፈው አለፉ። ሁሉም የሚፈሩት፣ በፎቶው ቦታ የተሰበረ ካሴት ያስቀመጠ አንድ ሰውዬ ግን እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ንጹሕ ሥራ ነው። ሰው ግን የለበትም።»

ሦስት ቀን ሙሉ ተናደድኩ። እንዴት ነው ሰው የሌለበት? ማን ሠራው ታዲያ፣ ጅብ? በአራተኛው ቀን እንደገና ሳዳምጠው ሰውዬው እውነቱን ነው። ቤቱ ተጠርጓል፣ ወንበሩ ተደርድሯል፣ የተቀመጠ ሰው የለም። ከዚያ ሁሉ «በርታ» ይልቅ ያቺ አንዲት መስመር ጠቀመችኝ። ያበላሸችኝም እሷው ናት።

የምኖረው አንዲት ባልቴት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ ነበር። እትዬ ነው የምላቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ሴት ልጃቸው አረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች፤ ወንድ ልጃቸው አብሯቸው ይኖር ነበር። እኩያዬ ነው። ፀጉሩን የምቆርጠው እኔ ነበርኩ፤ ሙዚቃዬን ሳሰማው «በርታ» ሳይሆን «አልገባኝም» የሚለኝ ሰው ቢኖር እሱ ብቻ ነበር። መስከረም ላይ ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወረደ። ቆላ ሙቀት ነው ብሎ ጋቢውን ቤት ጥሎት ሄደ። እዚያው ወባ ያዘውና አንቀጥቅጦ ገደለው። በጭነት መኪና ሬሳው መጣ።

እህቱ መምጣት አልቻለችም። በእኛ ዘንድ እንዲህ ሲሆን ለቅሶው ይቀዳላታል፤ ወንድሟን ያልቀበረች ሴት ሙሾውን እንኳ ካልሰማች እርሟን አታወጣም። «ቅዳላት፣ አንተ የድምፅ ነገር ታውቃለህ» ያሉኝ እትዬ ራሳቸው ናቸው። ስልኬን ይዤ ድንኳኑ ውስጥ ከሴቶቹ አጠገብ ቆምኩ። እትዬ ሙሾ አውራጅ ናቸው፤ በሰፈሩ ስንቱን ሸኝተዋል። ያን ቀን ለራሳቸው ልጅ አወረዱ፦

ቆላ ሞቃት ሲሉ ልጄን ምን በረደው፣
ጋቢው ከኔ ቀርቶ ምን ለብሶ ለመደው፣
ና ጋቢህን ውሰድ፣ ና ጋቢህን ውሰድ

ብለው፣ ከዚያ ስሙን ጠሩት። ስሙ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ተሰነጠቀ፤ ድንኳኑም በሙሉ አብሮ ጮኸ። እኔም አለቀስኩ። አልቅሼ ሳበቃ ቀረጻው በደንብ መያዙን አየሁ። ለእህቱ ላክሁላት፤ ሰምታ ስታበቃ «ወንድሜ ሁን» ብላ መለሰችልኝ።

ቀረጻው ስልኬ ላይ ቀረ። ሁለት ወር አልነካሁትም። ታኅሣሥ ላይ አንድ ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ያ «ሰው የለበትም» የሚለው ነገር እንደ እሾኽ ሲወጋኝ ከፈትኩት። ለማየት ያህል ነው አልኩ። ስንቱ ጥፋት የሚጀመረው ለማየት ያህል ነው። «ና ጋቢህን ውሰድ» የምትለዋን ቆረጥኩና ሉፕ አደረግኋት። ሉፕ ማለት አንዲት ድምፅ ቆርጠህ ካለቀችበት ወደጀመረችበት እንድትመለስ ማድረግ ነው፤ እንደ ወፍጮ ስትዞር ትውላለች። ከሥሯ ከበሮ አስገባሁ፣ ከላይ የመቀሱን ድምፅ። ስሙን ግን አላስገባሁትም። የተውኩት አዝኜ ወይ ፈርቼ ቢሆን ደግ ነበር፤ ነገሩ ግን ሌላ ነው። ስሙ ላይ ድምፃቸው ስለተሰነጠቀ፣ የሰውም ጩኸት ስለገባበት ለሥራ አይመችም ነበር። ንጹሑን ያዝኩ፣ የተሰነጠቀውን ጣልኩ። ሠላሳ ሁለት ጊዜ እንድትመላለስ አደረግኋት፤ የቆጠርኩት እኔ ነኝ።

ለግሩፑ ላክሁት። ባለካሴቱ ሰውዬ ወዲያው ጻፈ፦ «አሁን ሰው አለበት። ማናት?»

«የገጠር ዘፈን ነው» አልኩት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ሌሎቹም ተንጫጩ። አንዱ ሌሊቱን ሙሉ እየመላለስኩ ስሰማት አደርኩ አለ፤ ሌላው የዚችን ሴት ሌላ ዘፈን የለህም ወይ አለ። እግሬ መሬት አልነካ አለኝ። በማግስቱ አንድ ሚኒባስ የሚነዳ ደንበኛዬ ፀጉሩን ሊቆረጥ መጥቶ አሰማሁት። ራሱን መነቅነቅ ስለጀመረ ቶንዶሱን አነሣሁ። «ይሄ እንኳን መንገድ ያስረሳል፣ በፍላሽ ስጠኝ» አለ። በርታ አላለኝም። ሰጠሁት።

ጥር ላይ የቶንዶስ ምላጭ ልገዛ ባሕር ዳር መሄድ ነበረብኝና የዚያኑ ሰው መኪና ጠበቅሁ። እንደ ሌላው ተሳፋሪ ሆኜ፣ ሰው በሙዚቃዬ ምን እንደሚል ልሰማ ፈልጌ ነው። የመጨረሻው ወንበር ላይ ለአራት ቦታ አምስት ሆነን ተጠቀጠቅን፤ ጉልበቴ ላይ የማላውቀው ሰው ማዳበሪያ ሙሉ ድንች አስቀመጠ። ዓለም በርን እንዳለፍን ሹፌሩ በመስታወት ዓይኑን ጠቀሰኝና ከፈተው፤ ባለቀ ቁጥር ይደግመዋል።

እዚያ መኪና ውስጥ ይሉኝታ አልነበረም፤ የሠራውን ሰው ማንም አያውቅማ። ከፊት ያለ ጎልማሳ «ጨምርልን እስቲ» አለ። ከመሐል ሁለት የኮሌጅ ተማሪዎች ትከሻቸውን መስበቅ ጀመሩ። ጥላው ስለሄደች ነው፣ አይ ጥሏት ሄዶ ነው፣ ጋቢውን ሰበብ አድርጋ እያባበለችው ነው ብለው ይከራከራሉ። «ብልጥ ናት ሴትዮዋ፣ ጋቢ ያስቀረ ሰው መመለሱ አይቀርም» አለ አንደኛው፤ መኪናው ሳቀ። እኔም ከድንቹ ጀርባ ሳቅሁ። ልዋሽ አልችልም፤ ከዓለም በር ወረታ ድረስ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ወረታን እንዳለፍን ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው የለበሱ አንዲት እናት ዞር አሉ።

«ሹፌር፣ እስቲ ዝጋው።»

«ምነው እናቴ፣ ዘፈን አይወዱም?»

«ዘፈን አይደለም። ሙሾ ነው። እኔ እዚያ ድንኳን ውስጥ ነበርኩ።»

ሹፌሩ ዘጋው። ሴትዮዋ ሳይቆጡ ተረኩት፦ እናትየዋ የት ሰፈር እንደሚኖሩ፣ ልጁ ቆላ ወርዶ እንዴት እንደሞተ፣ ጋቢው እንዴት እንደቀረ። የተማሪዎቹ ትከሻ ቆመ። አንደኛው ቀስ ብሎ «በሬሳ ላይ ነው እንዴ የጨፈርነው?» አለ። ሹፌሩ በመስታወት አየኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፤ ግን ከመሬቱ በፊት ድንቹ አለ።

«ከፍላሽ ነው እናቴ። ማን እንደሠራው አላውቅም» አለ ሹፌሩ።

ላድነው ብሎ ነው። በይሉኝታ ነው። «እነሆ ከኋላችሁ» ቢል ኖሮ ያኔውኑ ተሰድቤ፣ ተተፍቶብኝ፣ ይለቅልኝ ነበር።

«የሠራው ሰው እናት የለችውም» አሉ ሴትዮዋ። «እናቲቱ ብትሰማ ልጇን ሁለተኛ መቅበሯ ነው። እባካችሁ እንዳትሰማ።»

እኔ በሩ አጠገብ አልነበርኩም። ለመውረድ ስድስት ሰው ማስነሣት አለብኝ፤ ስድስት ሰው አስነሥቼ ጠፍ ሜዳ ላይ ብወርድ ደግሞ ምክንያቱን ሁሉም ያውቀዋል። እስከ ሐሙሲት ድረስ ስለ እኔ ሲያወሩ ተቀምጬ ሰማሁ። አንዱ በሕግ መጠየቅ አለበት አለ፤ አንዱ የዘንድሮ ልጅ አለ። ሐሙሲት ላይ ሴትዮዋ ሲወርዱ ዘንቢላቸው ከኋላ እኔ ዘንድ ነበር። «ልጄ፣ እስቲ ያችን አቀብለኝ» አሉኝ። አቀበልኳቸው፤ ያን ቀን ድንኳኑ ውስጥ በእንባ ስላዩኝ መሰለኝ አላወቁኝም። «እግዜር ይባርክህ፣ የወለደችህንም እናት ይባርክ» አሉኝ።

ባሕር ዳር ምላጩን ሳልገዛ ተመለስኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ሐሳብ ብቻ ነበረኝ፦ እትዬ እንዳይሰሙ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላል ያገሬ ሰው። ከግሩፑ አጠፋሁት፤ ግን እዚያ ያለው ሁሉ ቀድሞ አውርዶታል። ሹፌሩ ፍላሹን መለሰልኝ፤ ግን ሁለት ባጃጅ ነጂዎች ከሱ ገልብጠዋል። ወደ ዘፈን መጫኛው ቤት ሄጄ «እባክህ ይሄን አጥፋልኝ» ብለው ባለሱቁ ጠጋ ብሎ አየኝ። «አጥፋ የሚባለው የተፈለገ ነው» አለና ለሚመጣው ሰው ሁሉ ከፊት አድርጎ መጫን ጀመረ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት እኔን ነው። ወሩ ደግሞ ጥር ነው፤ የሠርግ ወር ነው። ሙሽራ የጫነ ባጃጅ ሁሉ በግቢያችን በር ላይ ያልፋል፣ ዳገቱ ላይ ሲደርስ ይዘገያል፣ «ና ጋቢህን ውሰድ» እያለ።

ያን ሁለት ወር እንዴት እንደኖርኩ ለማንም አልነገርኩም። ሱቄን ማልጄ መክፈት ትቼ እትዬ ገበያ እስኪወጡ እቤት እቀመጥ ነበር። ባጃጅ ከሩቅ ስሰማ እስላለሁ። ባልዲ አንጓጓለሁ። አጥሩን እየጠገንኩ ነው ብዬ መዶሻ አነሣለሁ፤ ያ አጥር በሕይወቱ እንደዚያ ተጠግኖ አያውቅም። ሬዲዮ ገዝቼ በራቸው ላይ ሰቀልኩላቸው። «ምን በወጣኝ ነው ቀኑን ሙሉ ወሬ የምሰማው?» አሉኝ። «ብቻዎን እንዳይሆኑ ብዬ ነው እትዬ» አልኳቸው። ልነግራቸው ብዬ በራቸው ድረስ ሄጄ የተመለስኩበትን ቀን አልቆጠርኩትም። በር ላይ ስደርስ ጋቢው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አያለሁ። እንደምን አደሩ ብዬ እመለሳለሁ። ቤቱን ለቅቄ እንዳልሄድ ደግሞ፣ እኔ ከሄድኩ ማን ይስላል? ማን ባልዲ ያንጓጓል?

ሁዳዴ ሲገባ ከተማው ዝም አለ። በጾም ዘፈን የለም፤ ባጃጁም መዝሙር ከፈተ። እንደዚያ ዓመት ጾም ወድጄ አላውቅም። ሃምሳ አምስት ቀን ያለ ሳል ተኛሁ። ብቻ ስቅለት እየቀረበ ሲመጣ፣ ሌላው ሰው ለፋሲካ ዶሮ ሲያስብ እኔ ባጃጁ ተመልሶ ዘፈን የሚከፍትበትን ቀን እቆጥር ጀመር።

ዳግም ትንሣኤ ባለፈ በማግስቱ፣ ከሰዓት በኋላ፣ እትዬ ጠሩኝ።

«ያን ሣጥንህን ይዘህ ና።»

ላፕቶፑን ነው። ይዤ ገባሁ። መደቡ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ በርጩማ ገፋ አደረጉልኝ። ጋቢው እዚያው ሚስማሩ ላይ ነው።

«አሰማኝ» አሉ።

«ምኑን እትዬ?»

«አታድክመኝ ልጄ። አሮጊት ነኝ።»

«መቼ ሰሙት?» አልኩ።

«በጥር። ወፍጮ ቤት ተራ ስጠብቅ ባለወፍጮው በስልኩ ከፈተው። ጤፌን ሳላስፈጭ ተሸክሜ ተመለስኩ። አንተ በር ላይ አግኝተኸኝ ‹ወፍጮው ተበላሸ እንዴ?› አልከኝ።»

ትዝ አለኝ። ጤፉን ተቀብዬ ያስገባሁላቸው እኔ ነኝ።

«ትነግረኛለህ ብዬ ጠበቅሁ። ጥር አለቀ። ስትስል እሰማሃለሁ፣ ባልዲውን ስትደበድብ እሰማሃለሁ። ዛሬ ይነግረኛል፣ ነገ ይነግረኛል እላለሁ። ጾሙ ሲገባ በጾም ሰው አይጣሉም ብዬ ተውኩት። ይኸው ጾሙም ተፈታ።»

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «ድንጋይ ልሸከም እትዬ፣ ሽማግሌ ልላክ፣ የፈለጉትን...»

«ድንጋዩን ተወውና ክፈተው።»

ከፈትኩት። እንደ ሰው ያለቅሳሉ ብዬ ነበር፤ አላለቀሱም። አንገታቸውን ደፍተው፣ መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ባለሙያ የባለሙያን ሥራ እንደሚያይ አዳመጡ። ሲያልቅ «ድገመው» አሉ። ደገምኩት። «ድገመው» አሉ። ሦስተኛው ሲያልቅ ቀና አሉ።

«ከበሮው ደህና ነው» አሉ።

ላፕቶፑን ልከድን እጄን ዘረጋሁ።

«ልጄን ግን የት አደረስከው?»

«እንዴት እትዬ?»

«ና ጋቢህን ውሰድ ትላለች። ማንን ነው የምትለው? ሙሾ የሚወርደው ስሙ ዘንድ ለመድረስ ነው። ግጥሙ መንገዱ ነው፣ ስሙ ቤቱ ነው። ስሙን ስጠራ ነው የሚወጣልኝ። አንተ በሩ ላይ ታደርሰኛለህና ትመልሰኛለህ። ታደርሰኛለህና ትመልሰኛለህ። ከጥር ጀምሮ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ስሙን ካልጠሩት ማን ይመጣል?»

ባለካሴቱም፣ ተማሪዎቹም፣ ሹፌሩም ያላዩትን እሳቸው አዩት። እውነተኛ ትችት ስፈልግ የኖርኩት እኔ፣ እውነተኛው ሲመጣ ማስተባበል ጀመርኩ።

«ስሙ ላይ ድምፅዎ ተሰንጥቆ ስለነበር ነው... ለሥራ አልተመቸኝም» አልኩ። ሌላ ሰበብ አልነበረኝም።

«መሰንጠቁማ ይሰነጠቃል» አሉ።

«አሁኑኑ እመልሰዋለሁ እትዬ። ቀረጻው አለኝ። ስሙን አስገብቼ አዲሱን ለሁሉም እሰጣለሁ፤ አሮጌውን ያጠፉታል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «የልጄን ስም ለባጃጅ ልትሰጠው? በሠርግ ቤት ስሙን እየጠሩ ሊረግጡበት? አይሆንም። ስሙ እኔ ዘንድ ይቅር።»

ያኔ ገባኝ። ያለ ስሙ እሳቸው በሩ ላይ ታስረዋል፤ በስሙ ልጁ የሰው መጨፈሪያ ይሆናል። መውጫ የለውም። ቆልፌው ቁልፉን የበላሁት እኔ ነኝ።

«እሺ ምን ላድርግ?» አልኩ። ድምፄ እንደ ሕፃን ሆኖ ነበር።

«የሄደውን አትመልሰውም። እኔ እቤቴ ነኝ፣ አንዳንዴ ነው የምሰማው። አንተ መንገድ ዳር ነህ፣ ሁልጊዜ ትሰማዋለህ። በሰማኸው ቁጥር አንተ ሙላው። እኔ ‹ና ጋቢህን ውሰድ› ስል አንተ ስሙን ጥራልኝ። አትጩህ፣ ቀስ ብለህ። እሱ ይበቃል።»

«ሁልጊዜ?»

«ሰው እስኪረሳው።»

ከቤቱ ስወጣ ሸክሜ ቀለለኝ ብዬ ነበር። አንድ ስም መጥራት ምን አለው? ድንጋይ ከመሸከም ይሻላል አልኩ። ምን ያህል እንደተሳሳትኩ ለማወቅ አንድ ቀን በቃኝ።

ስንት ዓመት ሆነው ከዚያ ወዲህ። እትዬ ዘንድ አሁንም ተከራይ ነኝ። ሲያገኙኝ «ጠራኸው?» ይሉኛል፣ «ጠራሁት» እላቸዋለሁ፤ ሌላ ስለዚህ ነገር አናወራም። ጋቢው ከሚስማሩ አልወረደም። ሙዚቃ መሥራት አላቆምኩም፤ ለግሩፑ አንዳንዴ እልካለሁ። ባለካሴቱ ሰውዬ «እንደ ድሮው ሰው ጠፋበት፣ ያቺን ሴት መልሳት» ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ጠፍቶበታል። ቶንዶሱንም አልጣልኩም። ከዚያው ወንበር ጀርባ ነኝ።

ሰው ግን አልረሳውም። ሌላው ዘፈን በየዓመቱ ያረጃል፤ ይሄ ጥር በመጣ ቁጥር እንደ አዲስ ይወጣል። ባለፈው ጥርም ሙሽራ የጫነ ባጃጅ ጎማው ተንፍሶበት ከሱቄ ፊት ለፊት ቆመ። ነጂው ጎማ ሊቀይር ወረደ፤ ሙዚቃውን አልዘጋውም፤ ዘፈኑ ገና መጀመሩ ነበር። ወንበሬ ላይ አንድ ጢሙን የሚላጭ ሰው ነበር። ምላጩን ከጉሮሮው ላይ አነሣሁ። «ና ጋቢህን ውሰድ» አሉ እትዬ። ስሙን ጠራሁ። «ና ጋቢህን ውሰድ» አሉ። ጠራሁ። እስከ መጨረሻው አልቆመም፤ ሠላሳ ሁለት ጊዜ እንድትመላለስ ያደረግኋት እኔ ነኝ፣ ሠላሳ ሁለት ጊዜ ጠራሁት። ወደ መጨረሻው ላይ ድምፄ ተሰነጠቀ።

ሰውዬው አረፋው ፊቱ ላይ እየደረቀ በመስታወት ያየኛል።

«ማንን ነው የምትጠራው?» አለኝ።

«ማንንም» አልኩት። «ቀና በል።»